የብስክሌት ኪሎ በዲላ ዳገት ስንት ያወጣል?

ብስክሌት ሻጭ ገዢውን ሲያግባባ አስቀድሞ የሚያደርጋት ነገር አለች። ብስክሌቷን በአንድ እጁ ብድግ ያደርግና «ያዛት እስቲ፣ ላባ ናት» ይላል። ገዢው በተራው አንስቶ ይመዝናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ድርድሩም የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ጥግ ላይ የቆመችው የብረት ብስክሌት 20 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ በእጅ የተነሳችው የአሉሚኒየም ብስክሌት ደግሞ 15 ኪሎ ብትሆን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለምን እንደሚከፈል የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። አምስት ኪሎ መቀነሱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ምን ያህል ይጨምራል፣ ለማንስ ይጨምራል፣ በዚያው ገንዘብ ወይም ከዚያ ባነሰ ሌላ ፍጥነት መግዛት አይቻልም ወይ የሚለው ነው።

መልሱ እንደ ከተማው ይለያያል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆሩ፣ ብስክሌት የለመዱ ከተሞች ናቸው። ዲላ የእነርሱን ሒሳብ መዋስ አትችልም። ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች የቡና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እየወጣና እየወረደ ሄዶ 1,900 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣው ደግሞ ጭራሽ ቀልድ አያውቅም፤ ከዲላ በላይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ተዳፋት ነው። እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ ተደራርበው የበቀሉበት ገደላማ መሬት ለፎቶግራፍ አንሺ ሲሳይ ነው። ለብስክሌተኛ ግን ላብ ነው።

ይህም ሆኖ በአካባቢው ብስክሌት ገበያ የሚያገኝበት ምክንያት እየበዛ መጥቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ከተከፋፈሏቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሲመጣ መጓጓዣ ይፈለጋል። በአንጻሩ የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ወጪ አብሮ ጨምሯል። ነዳጅ የማትጠጣ መጓጓዣ በዚህ መሐል ዓይን ውስጥ ብትገባ አያስገርምም።

የስምንት ደቂቃ ዋጋ

ሒሳቡን ከዳገቱ እንጀምር፤ ክብደት ዋጋ የሚኖረው እዚያ ነውና። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ በሆነች ብስክሌት ላይ ተቀምጦ 1,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል እንበል። ጉልበቱ ሳያቋርጥ 100 ዋት ያመነጫል፤ የድሮውን ባለ መቶ ሻማ አምፖል ለማብራት የሚበቃ ማለት ነው። ይህ ጤነኛ ወጣት ለሰዓታት ሊዘልቅበት የሚችል አቅም ነው። የመንገዱ ሰበቃና ነፋሱ ሳይታሰብ፣ 80 ኪሎውን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይፈጅበታል። ብስክሌቷ 15 ኪሎ ብትሆንለት 8 ደቂቃ ያተርፋል። በኪሎ ሲመነዘር ከአንድ ደቂቃ ተኩል ትንሽ ይበልጣል።

8 ደቂቃ ለእሽቅድድም ብዙ ነው። ለገበያተኛ ምንድነው? ሰውየው በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ቡሌ ቢወጣ በዓመት 104 ጊዜ ይሆናል። ሲደመር 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሁለት የሥራ ቀን ያህል። ብስክሌቷ አምስት ዓመት ብታገለግለው የአሥር ቀን ሥራ አተረፈችለት ማለት ነው። ስለዚህ ገዢው በብረቷና በአሉሚኒየሟ መካከል የተጠራውን የዋጋ ልዩነት በቀን ገቢው ያካፍለው። ውጤቱ ከአሥር ቀን ካለፈ የሚከፍለው ለፍጥነት አይደለም፣ ለመልክ ነው። ለመልክ መክፈል ነውር ባይሆንም ስሙ ይታወቅ።

ጭነት ለሚያመላልስ ሰው ስሌቱ ትንሽ ይሻላል። ብስክሌቷ በ5 ኪሎ ስትቀል ያው እግር፣ ያው ሰዓት፣ 5 ኪሎ ተጨማሪ ሸቀጥ ያወጣል። ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳር ወደ ደጋ የሚያወጣ ሰው በ104 ምልልስ ከ500 ኪሎ በላይ ተጨማሪ ጭኖ ይገኛል። የአንድ ኪሎ ማጓጓዣ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ራሱ ስለሆነ ማባዛቱ ለእርሱ ይቀራል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጤን አለበት፤ ቀላል ብስክሌት ሁሉ ለጭነት አልተሠራም። ክብደቷን ለመቀነስ ሲባል የቸርኬ ሽቦዋ ቁጥር የተቀነሰ፣ የኋላ መጫኛዋ በቀጭን አሉሚኒየም የተሠራ ብስክሌት 40 ኪሎ ሲጫንባት የት ላይ እንደምትለቅ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ሜዳ ላይ ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ዲላ ከተማ ውስጥና በአስፋልቱ ሜዳ ሜዳ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚታገለው ከሁለት ነገር ጋር ነው፤ ከነፋስና ከጎማ። የ5 ኪሎ ቅናሽ በዚህ ፍጥነት የሚያድነው ጉልበት 2 ዋት ያህል ብቻ ነው። በሌላ በኩል በግማሽ የተነፈሰ ጎማ በደንብ ከተነፋ ጎማ ጋር ሲወዳደር እስከ 30 ዋት ሊበላ ይችላል። ይህም ማለት ጎሚስታው ዘንድ የሚደረገው የአንድ ደቂቃ ሥራ በውድ ዋጋ ከሚገዛው ቅለት አሥር ጊዜ የሚበልጥ ፍጥነት ይሰጣል። ካላማዳሪ ሳይበሳም ቀስ በቀስ አየር ያመልጠዋልና በሳምንት አንድ ጊዜ መነፋት አለበት። ስንት መነፋት እንዳለበት በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እርግጥ ነው፣ በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ መንፋት አይጠቅምም፤ ጎማው ሲዘል ጉልበቱ አብሮ ይባክናል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ዲላ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ ስድስተኛ ያህል ሳሳ ይላል። ይህ በነፃ የተገኘ ጥቅም ነው። የቀረውን የሚወስነው አቀማመጥ ነው። ቀጥ ብሎ እንደ ወንበር የሚቀመጥና ክንዱን አጠፍ አድርጎ ጎንበስ የሚል ሰው በዚሁ ፍጥነት 13 ዋት ያህል ልዩነት ይኖራቸዋል። የመሪውን ከፍታ በቁልፍ ፈትቶ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ የሚደርስ ነጂም ብዙ ነው፤ እግሩ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ሊዘረጋ እስኪቃረብ ኮርቻውን ከፍ ቢያደርግ በዚያው ድካም ርቆ ይሄዳል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የዓለም የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 አየሩ ሳስቶ ወደሚገኝበት ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ብስክሌቱ 5.75 ኪሎ ብቻ ነበረች፤ ክብደት ለመቀነስ ሰንሰለቷ ሳይቀር ተበሳስቶ ነበር። እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በ1996 እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ በተጋደመበት አቀማመጥ 56.375 ኪሎ ሜትር አደረሰው። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ያንን አቀማመጥ ከከለከለ በኋላ ይኸው ቦርድማን በ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በመርክስ ዘመን ዓይነት ብስክሌትና አቀማመጥ ሲሞክር 49.441 ኪሎ ሜትር ነዳ። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው። አራት ዓመት ማርጀቱ ባይካድም፣ ሰባት ኪሎ ሜትሩን የወሰደው በዋናነት ነፋስ መሆኑን ብዙዎች አይጠራጠሩም።

ማኅበሩ በዚያው በ2000 የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ደነገገ። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የነዳው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ለእንዲህ ያለው ስፖርተኛ ከ7 ኪሎ ላይ ሁለት መቶ ግራም መቁረጥ ደረጃ ይለውጣል። የእርሱ ሰከንድ ገንዘብ ነውና። ችግሩ የእርሱ ምርጫ በማስታወቂያ በኩል አልፎ ለወናጎ ተማሪ መሸጡ ላይ ነው።

ክብደት ጨምሮ የሚፈጥን

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ፤ የዲላ ገዢ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ እዚያ ስላለ። ብዙዎቹ የድሮ የብረት ብስክሌቶች ማርሽ የላቸውም። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያላት ብስክሌት ፔዳሏ አንዴ ሲዞር ከ5 ሜትር በላይ ትሄዳለች። በመቶ ሜትር 6 ሜትር በሚነሳ ዳገት 100 ዋት ያለው ሰው በሰዓት 6.7 ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት ሲችል፣ በዚህች ብስክሌት ግን ለዚያ በደቂቃ 20 ጊዜ ገደማ ብቻ እየረገጠ መቆየት አለበት። ይህ መንዳት ሳይሆን ደረጃ መውጣት ነው። በመሆኑም ይወርድና ይገፋል።

እየገፋ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 16 ኪሎ ሜትር ዳገት 4 ሰዓት ይወስድበታል። ማርሽ ያላት ብስክሌት፣ ከፊትም ከኋላም 28 ጥርስ ላይ ብትደረግ፣ ያንኑ ጉልበት በደቂቃ ከ50 ጊዜ በላይ በሚዞር ፔዳል አድርጋ በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ታደርሰዋለች። ማርሹ፣ ገመዱና ተጨማሪው ጥርስ 2 ኪሎ ቢጨምሩባት እንኳ የሚያስቀሩት 3 ደቂቃ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ 3 ደቂቃ ይቀነስ! ሻጩ ብስክሌቷን በአንድ እጁ ሲያነሳ ይህ አይታይም። ጌዴኦ ውስጥ ከኪሎ በፊት የሚጠየቀው የጥርስ ቁጥር መሆን ነበረበት።

ማርሽ ለመግዛት አቅም ለሌለው ርካሽ መላ አለ። የኋላውን ባለ 18 ጥርስ በባለ 22 መቀየር ዳገቱን በግልጽ ያለዝበዋል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ፔዳሉ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 76 ጊዜ ይዞራል፣ ይህም የሚከብድ አይደለም። የደረቀ ሰንሰለት ዘይት ማጠጣት፣ ግራሶ ያለቀበትን ኩሽኔታ አጥቦ መሙላት፣ ቸርኬውን እየታከከ ያለ ፍሬን ማስተካከል የዚሁ የርካሹ ወገን ናቸው። የሚገርመው የእነዚህ ዕቃዎች ስም አብዛኛው የጣሊያን ነው፤ ቸርኬው፣ ካላማዳሪው፣ ኩሽኔታው፣ ፓራፋንጎው። ዕቃው ከነስሙ መጥቶ ከነስሙ ቀርቷል።

ክብደት ለመቀነስ ዕቃ መፍታት የሚወዱም አሉ። ማቆሚያው፣ የኋላ መጫኛው፣ የሰንሰለት መሸፈኛውና ሁለቱ ፓራፋንጎዎች ሲወልቁ ከአሮጌዋ ብስክሌት 3 ኪሎ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ በነፃ የተገኘ ቅለት ነው። ነገር ግን በጌዴኦ ዝናብ ፓራፋንጎ የሌላት ብስክሌት ጭቃውን ጀርባ ላይ ትጽፋለች፣ መሸፈኛው የተነሳ ሰንሰለትም በሳምንት ይዝጋል። የዛገው ሰንሰለት ኪሎው ያተረፈውን መልሶ ይበላዋል። በቀለም ያሸበረቀ ጌጥ፣ ሁለት ሦስት መስታወትና የማይሠራ መብራት ቢወልቁ ግን የሚያዝን ነጂ እንጂ የሚጎዳ ብስክሌት የለም።

ቁልቁለቱ

ከዳገቱ በኋላ ቁልቁለት አለ። የንግዱ አካሄድም ይህንኑ ተከትሏል፤ የደጋው ምርት ወደ ዲላ ሲወርድ ሸቀጡ ወደ ላይ ይወጣል። 40 ኪሎ የጫነች ብስክሌት ከነሰውዬው 120 ኪሎ ሆና 1,000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 3 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ነፋሱና መንገዱ ከፊሉን ይወስዱታል፤ የተረፈው ሁሉ የሚያርፈው በሁለት ቁራጭ የፍሬን ጎማ ላይ ነው። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይዝም ማለት ይቻላል። የአሉሚኒየም ቸርኬ እርጥብም ሆኖ ከእርሱ እጅግ የተሻለ ይይዛል።

እንግዲህ ለቅለት የሚከፈል ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ነው። ሁለት የብረት ቸርኬ በአሉሚኒየም ሲቀየር ከግማሽ ኪሎ በላይ ይቀንሳል፤ የሚዞር ክብደት በመሆኑም ከቆመበት ሲነሳ የሚሰማው እጥፍ ያህል ነው። ዋናው ትርፍ ግን በዝናብ ቀን መቆም መቻሉ ነው። በቁልቁለት በድፍረት የሚነዳው መቆም እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ጥሩ ፍሬን ራሱ ፍጥነት ነው። ክብደት ለመቀነስ አንዱን ፍሬን የሚያስፈታ ወጣት ይህን ሒሳብ ገልብጦ ይዞታል።

ሩዋንዳ ውስጥ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የአሜሪካዊው የብስክሌት ሠሪ ቶም ሪቺ ሥራ የሆነች የቡና ብስክሌት ለገበሬዎች በብድር ትቀርብ ነበር። የቀይ ቡና ጣዕም ሳይበላሽ በዕለቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ይርጋጨፌም ሆነ ኮቸሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ያቺ ብስክሌት ቀላል አልነበረችም። ረዥም የኋላ መጫኛ፣ ማርሽና ከ100 ኪሎ በላይ የሚሸከም አካል ነበራት። ኮረብታማ አገር ላይ ፈጣን ለመሆን የተመረጠው መንገድ ይህ መሆኑ ለጌዴኦ ገበያ ብዙ ይናገራል።

ነጋዴው ምን ያስገባ?

የብር የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህ ሁሉንም ብስክሌት ቢያስወድድም እኩል አላስወደደም። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ቅለት ተወደደ፤ በአገር ውስጥ እጅ የሚሠራው ማስተካከል ግን በብር ቀረ። ከቀላሏ ብስክሌት ጋር ሌላም የተደበቀ ወጪ ይመጣል። የብረት አካል ሲሰበር ዲላ ውስጥ ያለ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይይዘዋል። የአሉሚኒየም አካል ልዩ ብየዳ ይፈልጋል፤ ከተበየደም በኋላ በብየዳው ዙሪያ ይደክማል። ካርቦን የተባለውማ ከተሰነጠቀ ለመንገድ አይታመንም። ይህ ሁሉ በሁለተኛ እጅ ዋጋ ላይ ይታያል፤ ገዢ የማይጠገን ዕቃ ሲያይ ዋጋ ይሰብራል።

በአንጻሩ የመለዋወጫው ንግድ ትንሽ ካፒታል ይጠይቃል፣ ቶሎም ይዞራል። የኋላ ጥርስ፣ የፍሬን ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ካላማዳሪ፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ። አንድ ሙሉ ቀላል ብስክሌት ለማስቀመጥ የሚታሰረው ገንዘብ ብዙ አሮጌ ብስክሌቶችን የሚያፈጥን ዕቃ ይገዛል። በሰዓት የሚያከራይ ሰውም ቢሆን ደንበኛው የሚመለስለት ጎማዋ የተነፋችና ፍሬኗ የሚይዝ ብስክሌት ካገኘ ነው፤ ኪሎዋን የሚጠይቅ ተከራይ የለም።

ወቅቱም መታሰብ አለበት። በጌዴኦ ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው የቡናው ለቀማ ሲጀመር ከጥቅምት ወዲህ ነው። ዕቃው በመስከረም መደርደሪያ ላይ ካልዋለ ገዢው ሐዋሳ ሄዶ ይመለሳል። ቸርኬ የሚያስመጣ ነጋዴ ግን ከማዘዙ በፊት ሁለት ነገር ይይ። አንደኛ፣ ከአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚጎተትና ቸርኬውን ከውስጥ በኩል የሚይዝ ነው፤ የአሉሚኒየሙ ቸርኬ የሚፈልገው ከጎንና ከጎን የሚጨብጠውን በገመድ የሚሠራ ፍሬን ስለሆነ ሁለቱ አብረው ካልተሸጡ ዕቃው ተመላሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሽቦ ቀዳዳዎቹ ይቆጠሩ። አሮጌዎቹ ውስጥ ከፊት 32 ከኋላ 40 የሆኑ አሉ፣ ሁለቱም 36 የሆኑም አሉ፤ ባለ 36 ቸርኬ ባለ 40 ቀዳዳ የመሐል ዕቃ ላይ አይገባም።